ገረሞ፣ እናቱና የዋንዛው ገበታ

በድሮ ዘመን፣ እናንተም ሳትኖሩ እኔም ሳልኖር፣ ይሄ ሁሉ ደብርና ገዳም ከመተከሉ በፊት፣ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበረ። ቀረብ በሉ። አንቺ ጥግ ላይ ያለሽው፣ እግርሽን ሰብስቢና ለታናሽሽ ቦታ ልቀቂለት። እኔ ሳወራ የሚያቋርጠኝ ሰው አልወድም፤ ጥያቄ ያለው ጥያቄውን ይዞ ይቆየኝ።

ከሐይቁ መሀል ደሴት ነበረች። በደሴቲቱ ላይ ዘራችን ከያዕቆብ ነው የሚሉ የኦሪት ሰዎች ይኖሩ ነበር። ደጎች ነበሩ፣ ንጹሖች ነበሩ፣ በጣም ጥንቁቆች ነበሩ። ሕጋቸውን ከአባቶቻቸው ተቀብለው፣ በስደትም በረኀብም ሳይጥሉት እስከዚያ ድረስ ተሸክመውት መጥተዋል። ያልተፈቀደ አይበሉም፤ ያልተፈቀደ ከሚበላ ሰው ጋርም አይበሉም።

በሐይቁ ዳር ደግሞ ዓሣ አጥማጆች ይኖሩ ነበር። እነዚህ ኦሪትን አያውቁ፣ ያዕቆብን አያውቁ፣ የሚያውቁት ውኃውን ነው። ደንገል አጭደው ታንኳ ይሠራሉ፣ መረብ ይጥላሉ፣ አምባዛ ይበላሉ። አምባዛን ታውቁታላችሁ አይደል? ያ ጢማሙ፣ ቅርፊት የሌለው ዓሣ። በኦሪት ቅርፊት የሌለው ዓሣ ክልክል ነው። ስለዚህ የደሴቲቱ ሰዎች የዳሩን ሰዎች አሕዛብ ይሏቸዋል፤ መንገድ ላይ ሲገናኙም ልብሳቸውን ሰብስበው ራቅ ብለው ያልፋሉ።

እነዚህ አጥማጆች ታዲያ አንድ ልማድ ነበራቸው። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች። ሐይቅ ሰው ይበላል። አንድ ሰው ሲሰምጥ ደርሰው ካወጡት፣ ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ ከወዴት መጣህ ብሎ መጠየቅ በነሱ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። መጀመሪያ የቤቱ እናት በራሷ ቅል የአምባዛ መረቅ ታቀርብለታለች። ከበላ የዚያ ቤት ልጅ ሆነ ማለት ነው። እሱ ቤታቸው ሳያንኳኳ ይገባል፣ እነሱም ቤቱ ሳያንኳኩ ይገባሉ፤ ሲሞቱ ይቀብራቸዋል፣ ሲሞት ይቀብሩታል። ካልበላ ግን ልብሱን አድርቀው ወደ መንገዱ ይሸኙታል፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል።

ከነዚህ አጥማጆች አንዱ ገረሞ ይባላል። ገረሞ ውሸታም ነበር። ተራ ውሸታም እንዳይመስላችሁ። አንዱን ዓሣ ለሁለት ጎረቤት ቃል ይገባና፣ ሁለቱ ሲጣሉ አስታራቂ ሆኖ ይቀመጣል፤ አስታርቆ ሲያበቃ ዓሣውን ራሱ ይበላዋል። ጉማሬ ታንኳዬን እየገፋ አደረሰኝ ብሎ በእናቱ ስም ይምላል። ሰዉም ለምዶት ስለነበር ስቆ ይተወዋል።

በአንድ ነገር ግን ገረሞን የሚያማው አልነበረም፤ እናቱን ይወዳል። እናቱ እማ ዲንቃ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ጥርሷም አልቋል። ጆሮዋ ግን ሌላ ነው፤ ዓሣ ውኃ ውስጥ ሲዞር ትሰማለች ይባላል። ይህን ያወራው ገረሞ ስለሆነ እኔ እንጃ።

አንድ ጊዜ ታዲያ ከደሴቲቱ ሰዎች አንዱ ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሲመለስ ወንጌልን ይዞ መጣ። እግዚአብሔር ሰው ሆኖ ተወለደ አላቸው። ከተናቁት ጋር በላ አላቸው። ሰቀሉት፣ ሞተ፣ ተነሣም አላቸው። በስሙ ያመነ በውኃ ይጠመቃል፣ ተጠምቆም ከወንድሞቹ ጋር ካንድ ገበታ ይበላል። የደሴቲቱ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ስንጠብቀው የኖርነው መጣልን ብለው ከደስታቸው ብዛት አለቀሱ።

ወዲያው አንድ ትልቅ ዋንዛ ቆርጠው ገበታ መጥረብ ጀመሩ። ጊዜው ክረምት ነበርና ግንዱን እንዳይረጥብ እንዳለ ወደ ቤት አስገቡት፤ ጠርበው፣ ጎኑን ገጣጥመው፣ አስፍተው ጨረሱት። ያምራል። ሁሉን ያስቀምጣል። ግን ሲያዩት ከበሩ ይሰፋል። አሁን ይሄን ምን ትሉታላችሁ? ያን ያህል ጥንቁቅ ሰዎች በሩን የለካ ከመካከላቸው አንድም አልነበረም። እንግዲህ መቼም አይወጣ፣ እዚሁ ይኑር ተባለና ቀረ።

እሑድ እሑድ በዚያ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ዳቦ ይቆርሳሉ፣ ይዘምራሉ። ሽማግሌያቸው አባ ኤልያቄም ቆመው ያስተምራሉ። አባ ኤልያቄም ጢማቸው ነጭ፣ ልባቸው ቀና፣ ድምፃቸው ነጎድጓድ ነው። ያ ድምፅ ውኃውን ተሻግሮ ዳር ድረስ ይመጣል። ዳር ላይ ደግሞ እማ ዲንቃ ጆሮዋን አቁማ ተቀምጣለች።

አንድ እሑድ ልጇን ጠራችው።

"ገረሞ።"

"አቤት እማዬ።"

"እነዚያ የደሴት ሰዎች ስለ አንድ ሰው ያወራሉ። ወዳጁ በማዕበል ሲሰምጥ እጁን ዘርግቶ ያዘው ይላሉ። የተራበውንም የማን ልጅ ነህ ሳይል ያበላል ይላሉ።"

"እሱማ የኛ ልማድ ነው።"

"እኔስ ምን አልኩህ? ያ ሰውዬ የኛ ሰው ነው።" ፊቷን ወደ ሐይቁ መለሰች። "የሞተም ይነሣል ሲሉ ሰምቻለሁ። አባትህን ሐይቁ ወስዶ አልመለሰልኝም። በዚህ ዕድሜዬ ስንቱን ከውኃ የወጣ አበላሁ፤ እኔን ግን ማን አበላኝ? ሳልሞት እዚያ ገበታ አስቀምጠኝ፣ ልጄ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ገረሞ ለእናቱ እንቢ ማለት አያውቅበትም። ታንኳውን አቀረበ፣ እናቱን አዝሎ አስቀመጠ፣ ቀዝፎ በደሴቲቱ ዳር፣ ገበታው ካለበት ቤት ፊት ደረሰ። እዚያም ሲደርስ ከነልብሱ ዘሎ ውኃ ውስጥ ገባ። ጠልቆ ቆየ፣ ቆየ፣ ራሱ ላይ ቄጠማ ተሸክሞ ብቅ አለ። ውኃው እየተንጠፈጠፈበት በሩ ላይ ቆመና እጁን ዘረጋ።

"ይኸው ከውኃ ወጥቻለሁ። ቅሉ የታለ?" አለ።

ተጠመቁ፣ ብሉ ሲባል ሰምቷል፤ በነሱ ልማድ ደግሞ ከውኃ የወጣ ይበላል። ሌላ ምን ሊመስለው ነው? የደሴቲቱ ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አባ ኤልያቄም ግን አልሳቁም።

"ልጄ፣ ውኃ ውስጥማ ዳክዬም ትገባለች" አሉት። "ይህ ተስፋ ለአባቶቻችን የተሰጠ ነው። መጀመሪያ ሕጋችንን ተቀበል፣ እንደኛ ሁን። አምባዛ መብላት ተዉ፣ ያን የረከሰ ቅላችሁን ስበሩ። ከዚያ ዓመት ሁለት ዓመት አይተን እንነጋገራለን።"

"ቅሉን ከሰበርነው ነገ ከውኃ የሚወጣውን በምን እናበላዋለን?" አለ ገረሞ።

አባ ኤልያቄም በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

እማ ዲንቃ ከታንኳው ላይ ጠየቀች። "ገረሞ፣ ውስጥ ነን ወይስ ውጭ?"

"ውጭ ነን እማዬ። ግን በሩ አጠገብ ነን።"

በሚቀጥለው እሑድ ገረሞ ልብሱን በእንዶድ አጥቦ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ኮራ ብሎ መጣ። እናቱንም ነጭ አልብሷታል።

"አባ፣ እስካሁን ደብቄዎት ነው እንጂ እኔም ከእስራኤል ነኝ" አለ። "ቅድመ አያቴ ከናንተ ወገን ነበር።"

"ከማን ነገድ?"

"ከ... ከታላቁ ነገድ።"

"ስሙስ ማን ይባላል?"

ገረሞ ግራ ቀኝ አየ። ሰማይ አየ። በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየ፣ ያን ትልቅ ገበታ አየ።

"አባ ዋንዛ" አለ።

እንዲያው ምን አስዋሸው በሉ እንጂ! ያን ዕለት ደሴቲቱ በሳቅ ልትሰምጥ ደረሰች። አባ ኤልያቄም እንኳ ጢማቸውን ይዘው ፊታቸውን አዞሩ። በሩ ግን ተዘጋ።

"ገረሞ፣ ውስጥ ነን ወይስ ውጭ?"

"ውጭ ነን እማዬ። ግን ልብሳችን ንጹሕ ነው።"

እማ ዲንቃ ከዚያ ቀን ወዲህ ደከመች። ምግብ እየቀነሰች ሄደች፤ ውሎዋ ተኝታ ሆነ። ገረሞ አጠገቧ ተቀምጦ ቀኑን ቆጠረ። ዓመት ሁለት ዓመት ይጠበቅ ብለዋል አባ ኤልያቄም፤ እሷ ግን ክረምቱን የምታልፍ አትመስልም። ስለዚህ በሚያውቀው መንገድ ሊያስደስታት ቆረጠ።

በሦስተኛው እሑድ ታንኳው ላይ አስቀመጣትና ቀዘፈ። ወደ ደሴቲቱ ግን አልሄደም። ሐይቁ ላይ ዞረ፣ ዞረና ተመልሶ ከራሳቸው ቤት ጀርባ፣ ደንገሉ ውስጥ አወረዳት። ሰሌን አነጠፈ፣ ሰፋ ያለ ድንጋይ አስቀመጠ፣ ራሱ የጋገረውን ዳቦ አወጣ። ከዚያም ድምፁን አወፍሮ እንደ አባ ኤልያቄም ተናገረ።

"እንኳን ደህና መጣሽ፣ እኅታችን። ብዪ።"

እሱው መልሶ በራሱ ድምፅ፣ "እግዜር ይስጥልን፣ አባ" አለ።

እማ ዲንቃ ዳቦውን ተቀብላ በድዷ አላመጠች። አንድ ጎረሰች፣ ሁለት ጎረሰች፣ አቆመች።

"ገረሞ፣ ውስጥ ነን ወይስ ውጭ?"

"ውስጥ ነን እማዬ። ገበታው ላይ ነሽ እኮ።"

"እንግዲያው ሌላው ሰው ለምን አያላምጥም?"

ገረሞ እጁ ላይ የቀረውን ዳቦ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ።

"ገበታ ከሆነ ሰው ሲበላ ይሰማል" አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። "አንዱ ያላምጣል፣ አንዱ ያስላል፣ አንዱ ዳቦ አቀብሉኝ ይላል። እዚህ የምሰማው የራሴን ድድ ብቻ ነው። እኔ ዳቦ አጥቼ መሰለህ? ዳቦማ ቤታችንም አለ። እኔ የፈለግሁት ከሰው ጋር መቀመጥ ነው።"

ገረሞ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ያን የሚያህል ሰው፣ ደንገል መሀል ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቱ ራሱን በእጇ ፈልጋ አገኘችውና ዳበሰችው።

"በሌላው ነገር እንደፈለግህ ዋሽ፤ ያለሱ አታድርም" አለችው። "በዚህ ገበታ ነገር ግን ሁለተኛ እንዳትዋሽ። ለኔም ለሌላም። በውኃው ማልልኝ።"

በውኃው ማለላት። አጥማጅ በውኃ ከማለ ቀልድ የለም።

አሁን ደርሰናል፣ አትንጫጩ። አባ ኤልያቄም አንድ ቀን ዳር ላይ ታሞ የቀረ ዘመዳቸውን ሊጠይቁ ብቻቸውን ታንኳ ይዘው ወጡ። መሀል ላይ ሲደርሱ ግልገሏን የያዘች ጉማሬ ከሥር ተነሣችባቸው። ጉማሬ ግልገል ከያዘች ሽማግሌ አታውቅ፣ ካህን አታውቅ። ታንኳውን ገለበጠችው። አባ ኤልያቄም ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን በውኃ ተከበው ኖረው ዋና አያውቁም ነበር።

ገረሞ ቅርብ ሆኖ መረብ ይጥል ነበር። ጩኸት ሰማ፣ ቀና አለ፣ ነጭ ጢም ውኃ ላይ ብቅ ጥልቅ ሲል አየ። መረቡን ጥሎ ቀዘፈ። በቀሚሳቸው አንገት ያዛቸው፣ ጎትቶ ታንኳው ላይ ጣላቸው፣ ዳር አድርሶ ተሸክሞ ከእናቱ ጎጆ አስገባቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል፣ መናገር አልቻሉም።

"ምንድን ነው ያመጣኸው?" አለች እማ ዲንቃ ከመደቧ።

"ከውኃ የወጣ ነው እማዬ።"

አሮጊቷ ከተኛችበት ተነሣች። ቀናት ሙሉ ያልተነሣች ሴትዮ ተነሣች። እሳቱን ቆሰቆሰች፣ በዳሰሳ መረቁን ቀዳች፣ ቅሉን በሁለት እጇ ይዛ ቀረበች። ማን ነህ አላለችም፤ ነውር ነው።

"ብላ፣ ልጄ" አለች።

አባ ኤልያቄም ቅሉን ተቀበሉ። ትኩስ ነው፣ ሽታው ያስጎመጃል። ወደ አፋቸው አስጠግተው ቆም አሉና ገረሞን ቀና ብለው አዩት።

"ይህ ምን ዓሣ ነው?" አሉ በደከመ ድምፅ።

ገረሞ ቆሮሶ ነው ቢል ያበቃል። ቆሮሶ ቅርፊት አለው፣ ለነሱም የተፈቀደ ነው። ሰውዬው ይበላሉ። ከበሉ ልጅ ይሆናሉ። ልጅ ከሆኑ ቤታቸው የእናቱ ቤት ነው፣ ገበታቸው የእናቱ ገበታ ነው፤ በልተው ካበቁ በኋላ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። አንዲት ቃል ብቻ ናት። ሲዋሽ የኖረ ሰው አንዲት ቃል ምን ታቅተዋለች? እናቱ ደግሞ ቆማ ትንቀጠቀጣለች፤ ነገ ላትኖር ትችላለች።

አፉን ከፈተ። ያ ደንገል ውስጥ ያነጠፈው ሰሌን ትዝ አለው። እናቱ ብቻዋን ስታላምጥ ትዝ አለው።

"አምባዛ ነው፣ አባ" አለ። "ለናንተ ክልክል ነው። ይተዉት፤ እሳቱን ልጨምርልዎት።"

እናቱ አባ የሚለውን ስትሰማ ማን እንደሆኑ ገባት። ፊቷ ላይ ግን ምንም አልተለወጠም። "ሲያወሩ መረቁ ይቀዘቅዛል" ብቻ አለች።

አባ ኤልያቄም ቅሉን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉ።

"ስትጎትተኝ ማን መሆኔን አውቀህ ነበር?"

"ጢምዎን ሳይ አውቄያለሁ።"

"ሁለት ጊዜ ከበር የመለስኩህ ሰው ነኝ።"

"ነዎት።"

"ታዲያ ለምን አወጣኸኝ?"

ገረሞ ጥያቄው ግራ ገባው። "ውኃ ውስጥ ነበሩ እኮ" አለ።

አባ ኤልያቄም አለቀሱ። አባታቸው በረኀብ ዘመን ክልክል አልበላም ብለው እንደሞቱ ያውቃሉ፤ ያንን ቀልድ አድርገው የሚያዩት ሰው አይደሉም። ነገር ግን እሑድ እሑድ ቆመው የሚናገሩት ያ የተዘረጋ እጅ፣ አሁን በቀሚሳቸው አንገት ይዞ ያወጣቸው እጅ ነው። ስንት ጊዜ ተናግረውታል፤ አንድም ቀን አላዩትም ነበር። ወደ ሰማይ ቀና ብለው ከአምላካቸው ጋር ትንሽ ተነጋገሩ። ምን እንደተባባሉ እኔ አልሰማሁም። ከዚያ ቅሉን አነሡና ጠጡ።

ጣፈጣቸው ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልተናገሩም። ቅሉን ግን ጠርገው ነው የመለሱት።

እማ ዲንቃ ባዶውን ቅል በጣቷ ዳሰሰች። "አሁን የኔ ልጅ ነህ" አለቻቸው። አባ ኤልያቄም በዕድሜ ከሷ ብዙም አያንሱም፤ ግን ጎንበስ ብለው እጇን ሳሙ።

እሑድ ሆነ። አባ ኤልያቄም በዋንዛው ገበታ ፊት ቆመው የሆነውን ሁሉ ለወገኖቻቸው ተናገሩ። ምን እንደበሉም ሳይደብቁ ተናገሩ። ቤቱ ታመሰ። አንዱ፣ "አባቶቻችን ምን ይሉናል?" አለ። ሌላው፣ "ቤቱ ሊረክስ ነው" አለ። ሦስተኛው፣ "ሽታቸውንስ ማን ይችለዋል?" አለ።

"አሕዛብ ወደዚህ ቤት አይገቡም!" አሉ ብዙዎቹ።

"እሺ፣ አይግቡ" አሉ አባ ኤልያቄም።

ሰዉ እፎይ አለ። እሳቸው ግን ጥግ ላይ ወዳለው መጥረቢያ ሄደው አነሡት፣ ወደ በሩ ሄዱ፣ መቃኑን ይመቱት ጀመር።

"አባ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"እነሱ ካልገቡ ገበታው ይወጣል" አሉ፤ መቱም። "ገበታው የኛ አይደለም፤ እኛ ተጋባዦች ነን። ጋባዡ ማንን ጠርቶ እንደነበር ረስተን በር ዘግተንበታል።"

መቱ፣ መቱ፣ መቃኑ ወደቀ። ከዚያ የገበታውን አንድ ጎን ይዘው ቆሙ። ማንም አልተነሣም። ገበታው ከባድ ነው፣ እሳቸው ሽማግሌ ናቸው። ቆመው ጠበቁ። በመጨረሻ ሚስታቸው ሶስና ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

"ሊሰምጥ የነበረው የኔው ባል ነው" አለችና ሌላውን ጎን ያዘች።

አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ አገዛት። ሌላም ተነሣ። ያ መቼም አይወጣም የተባለ ገበታ በፈረሰው በር ወጥቶ ውኃው ዳር ተቀመጠ። ጥቂቶች እንቢ ብለው ቤት ውስጥ ቀሩ፤ ባዶ ወለል ከበው ተቀመጡ። ኋላ ዝማሬው ሲሰማ አንድ በአንድ እየወጡ መጡ፤ የመጨረሻው ያ ሽታቸውን ማን ይችላል ያለው ሰውዬ ነበር።

አባ ኤልያቄም አስቀድመው ጠርተዋቸው ነበርና፣ የዳሩ ሰዎች በታንኳ በታንኳ ሆነው ደረሱ። ገረሞ እናቱን አቅፎ ወረደ። አባ ኤልያቄም ልብሳቸውን ሰብስበው ውኃው ውስጥ ገቡ፤ ጉማሬዋን አልረሱምና ብዙ ሩቅ አልሄዱም።

"እናቴ፣ ታምኛለሽ?" ብለው ጠየቋት።

"ከሰማሁ ቀን ጀምሮ" አለች።

በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠመቋት። ገረሞንም አጠመቁ፤ ቄጠማ ራሱ ላይ ይዞ ወጣ፣ ማንም አልሳቀበትም። ያመነ ሁሉ ተጠመቀ። ከውኃ የወጣም ሁሉ የማን ልጅ ነህ ሳይባል ተቀመጠ። አባ ኤልያቄም ዳቦውን ቆርሰው በእጃቸው ለእማ ዲንቃ ሰጧት።

እሷ ግን ወዲያው አልጎረሰችም። ጆሮዋን አቆመች። አንዱ ያላምጣል። አንዱ ያስላል። አንዷ ዳቦ አቀብሉኝ ትላለች።

"ገረሞ" አለች ቀስ ብላ። "ውስጥ ነን ወይስ ውጭ?"

ገረሞ በውኃ ምሏል፣ መዋሸት አይችልም።

"ውጭ ነን እማዬ።"

"ውጭ?"

"አዎ። እነሱም ውጭ ናቸው።"

"ውስጥስ ማን አለ?"

ገረሞ ዞር ብሎ የፈረሰውን በር አየ። "ማንም የለም" አላት።

"እንግዲያው እንብላ" አለችና ዳቦዋን ጎረሰች።

እማ ዲንቃ ያን ክረምት አለፈችው፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ክረምት አለፈችው። ስትሞት የቀበሯት ሁለት ልጆቿ ናቸው፤ አንዱ ገረሞ፣ አንዱ ነጭ ጢማሙ አባ ኤልያቄም። ትነሣለች ብለው ነው የቀበሯት። በሩም ሳይጠገን ሰፍቶ ቀረ። ገረሞ ከሐይቁ ዙሪያ ሁሉ ሰው እያመላለሰ ገበታው ድረስ የሚያደርስ ሆነ፤ ወንጌሉም በሱ ታንኳ ከመንደር መንደር ዞረ። ስለ ጉማሬ የሚያወራውን ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ያመነው የለም፤ ይህም ቅጣቱ ነው።

ልጆች፣ የዚህ ተረት ትምህርት ይህ ነው፤ ሰውን ከበር ከመመለሳችሁ በፊት፣ ያ ሰው እናንተን ውኃ ውስጥ ቢያገኛችሁ ምን ያደርግ እንደነበር አስቡ። መዋሸት ካማራችሁም ስለ ጉማሬ ዋሹ እንጂ ስለ ገበታ አትዋሹ።

የኔ ተረት እዚህ ላይ አበቃ። በሉ አሁን አንዳችሁ ተነሡና ዳቦውን አምጡልኝ፤ ደጅ የቆመ ሰው ካለም አብራችሁ ጥሩት።